የክረምት ጸሐፊዎች

አማርኛችን አፈር ይወዳል። የምንለምነውን ሰው «አፈር ስሆንልህ» እንለዋለን፤ የጠላነውን «አፈር ብላ» እንላለን፤ ሟቹን ደግሞ «አፈሩን ያቅልልለት» ብለን እንሸኘዋለን። ፈረንጅ ከአገር ሲወጣ ጫማው ይታጠብ ነበር፣ አፈራችንን ይዞ እንዳይሄድ፣ የሚለውን ተረትም ስንሰማው ነው ያደግነው። የፈረንጁን ጫማ አጥቦ የሚሸኝ አገር ግን በየክረምቱ ደፍርሶ ድንበር የሚሻገረውን አባይን «ምን ይዘህ ነው የምትሄደው?» ሳይለው ስንት ዘመን ኖረ! ግንድ ይዞ ይዞራል ብለን ተረትንበት። ግንዱን አየን፤ አፈሩን አልቆጠርነውም።

የቆጠሩት ሰዎች ግን አሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እነሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስሜን ተራሮች ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ሰው በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ይሠራ ነበር። ፓርኩ የመንግሥት ነው፤ የዋልያ ነው፤ ገብሱን የሚያርስ ገበሬም ነበረበት። ሁርኒ እዚያ የተከታተለው ዋልያውን ብቻ ሳይሆን ከእርሻው የሚታጠበውንም አፈር ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የበርን ዩኒቨርሲቲና የእኛው ግብርና ሚኒስቴር ተባብረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን አቋቋሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሰባት ጣቢያዎች ቆሙ፤ ማይባር ወሎ፣ ሁንዴ ላፍቶ ሐረርጌ፣ አንዲት ጥድ ሰሜን ሸዋ፣ ጉኑኖ ወላይታ፣ ዲዚ ኢሉባቦር፣ አንጀኒ ጎጃም፣ አፍደዩ ኤርትራ።

የአንዷን ስም ልብ በሉልኝ፤ አንዲት ጥድ። ዕድሜዬን ከቃላት ጋር ስታገል ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ስም ዝም ብሎ አያልፈኝም። ጥድ በሞላበት አገር ማንም ሰው ሰፈሩን በአንዲት ጥድ አይጠራም። ሌሎቹ ሲያልቁ ነው አንዷ ለአገር ስም የምትሆነው። ተመራማሪ ሳይደርስ በፊት ገበሬው ሪፖርቱን በሁለት ቃል ጽፎት ነበር ማለት ነው።

ጊዜውን ደግሞ አስቡት። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። የሕዝብ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ዕጣው ይታወቃል፤ የሁሉም ነው ሲባል የማንም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። ተራራው ሁሉ በዘመቻ እርከን ይሠራበት ነበር፤ የቀን ዋጋው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። የተራበ ሰው ለስንዴ ቆፈረ ብሎ የሚፈርድበት የለም። ግን «እርከኑ የማን ነው?» ቢባል መልሱ «የመንግሥት» ነበር። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ብዙ ቦታ እርከኑም አብሮት ፈረሰ። ገበሬው ምክንያት አላጣም፤ መሬት ይበላብኛል፣ አይጥ ይራባበታል፣ በሬ ለማዞር አይመችም። ቀድሞ የጠየቀው አልነበረም እንጂ ቀድሞም ይነግረን ነበር።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል በጣቢያዎቹ ድምፅ የሌለው ሥራ ይሠራ ነበር። ሠራተኛው ከአካባቢው ተቀጥሮ የሠለጠነ ሰው ነው። ሰኔ ግም ሲል ሥራው ይጠነክራል። ዝናብ ሲመጣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የውሃውን ከፍታ ያነባል። ውሃው ሲደፈርስ አንድ ሊትር ይቀዳል፤ በየአሥር ደቂቃው ደግሞ ይቀዳል፤ ጎርፉ ጠርቶ እስኪጎድል ድረስ። ከዚያ ደለሉ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ፎቶ አይነሳበትም፤ ሪባን አይቆረጥበትም።

ከእነዚህ ጠርሙሶች ምን ወጣ? አንደኛው ቁጥር ነው። ሁርኒ በጣቢያዎቹ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ግምት ከደጋው የታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። «አራት ሚሊሜትር ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። በ25 ዓመት አባዟት፤ 10 ሴንቲሜትር ናት። በሬ የሚጎትተው ማረሻ የሚገለብጠው ያህል አፈር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ግን እኔ ከቁጥሩም አስበልጠዋለሁ። ወንዙ ይበልጥ የሚደፈርሰው በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ወደ መጨረሻው ዝናቡ እየዘነበም ውሃው እየጠራ ይሄዳል። ለምን ቢሉ መግቢያው ላይ እርሻው ተገልብጦ፣ ለስልሶ፣ ራቁቱን ነው የሚጠብቀው። በተለይ የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ዘግይቶ ይዘራል፤ ብርቱው ዝናብ አዝመራ ሳያለብሰው ይደርስበታል። እንግዲህ ጥፋቱ የሰነፍ ገበሬ አይደለም፤ የትጉህ ገበሬ ነው። የእንጀራችን ዋጋ ነው። ይህንን በአውሮፕላን አይቶ ወይ ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ነው ያወቀው።

የዚህን ዕውቀት ጥቅም ጎረቤትም ያውቀዋል። በ1966 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀው የሱዳን ሮዛሬስ ግድብ በደለል እየሞላ አቅሙ ተጎድቶ ነበር፤ ግድግዳውንም 10 ሜትር ከፍ አደረጉት፤ ሥራው ያለቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ተራው የእኛ ነው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አባይም አፈራችንን ሱዳን ሳያደርስ እኛው ደጅ ያራግፋል። በየቤቱ ቦንድ የገዛ ሕዝብ ደለሉንም አብሮ ገዝቶታል።

ፕሮግራሙ በ1998 እ.ኤ.አ. ገደማ አበቃ። ጣቢያዎቹ ለአገር ውስጥ ተቋማት ተላለፉ፤ ሁሉም እኩል አልቀጠሉም፤ በመዝገቦቹም ውስጥ ባዶ የሆኑ ወራትና ዓመታት አሉ። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸ ነው። የፈረሰ እርከን መልሶ ይካባል። የደረቀ ችግኝ በሌላ ይተካል። ያልተለካ ክረምት ግን አለፈ፤ በጀት ቢጨመር፣ ሊቅ ቢመጣ፣ አይመለስም።

እኛ ዘመቻ እንወዳለን፤ መዝገብ አንወድም። በአንድ ቀን ስንት ሚሊዮን ችግኝ እንደተተከለ ሁላችንም እንሰማለን። ከተከልነው በኋላ ወንዙ ጠራ ወይስ አልጠራም የሚለውን የሚነግረን ግን ያ ጠርሙስ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን የነገሥታቱን ዘመቻ ከዓመት ዓመት ሲመዘግቡ ስማቸው ተርፏል። የክረምቱን ዜና መዋዕል የጻፉትስ? የሁርኒን ስም እኔም ጠራሁት፤ ይገባዋል። ዝናብ እየወረደበት አንድ ሊትር ድፍርስ የቀዳውን ሰው ስም ግን የሚጠራ አላየሁም። ስሙ ቢቀር፣ ቢያንስ ደመወዙ በሐምሌ አይቋረጥበት።