ጋምቤላ፤ በባሮ ዳር የቀረው ወደብ

የጥንት ከተማ ሲባል በብዙዎች አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይም የሐረር ጀጎል ነው። ዕድሜዋ ከመቶ ዓመት ብዙም ያልዘለለ፣ ግንብም ቅጥርም የሌላት የቆላ ከተማ በዚህ ተርታ ስትጠራ አትሰማም። ይሁንና ጋምቤላ ባለግንብ ከተሞች የማያውቁትን ታሪክ ታቅፋለች፤ ይህም ታሪክ መነበብ የሚጀምረው ከአደባባይዋ ሳይሆን የማንጎ ዛፍ ካጠላበት ከባሮ ዳርቻ ነው።

የውልደቷ ሰነድ የተጻፈው ግን በአዲስ አበባ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ በኢታንግ አቅራቢያ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ። የመሬቱ የወንዝ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፤ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፤ ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲጸና ተወሰነ። በተግባር የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ሽቅብ፣ ወደ ደጋው ግርጌ የቀረበው ጋምቤላ ሆነ። በዚያ ዳርቻ ዓሣ ሲያሰግርና ማሽላ ሲዘራ የኖረው የአኙዋክ ሕዝብ ግን በአንቀጹ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም።

ወደቡን ወደብ ያደረገው የሁለት ወቅቶች አለመገናኘት ነው። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ ነበር፤ የጎሬ ቡና በቡሬ ቁልቁለት፣ የሳዮም በራሱ መንገድ መውረድ የሚችለው ደግሞ ምድሩ በበጋ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቡናው መርከብ የሚጠብቅበት መጋዘን ግድ ሆነ። ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት የመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ አራግፈው ቡና ይጭናሉ። የንግዱ ባለቤቶች፣ ግሪኮችና ሶርያውያን፣ በተለይም የጄሮሊማቶ ኩባንያ፣ በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ሰፍሯል። ጭነቱን በጀርባው ከደጋ ያወረደው ተሸካሚ፣ ከመጋዘን ወደ መርከብ ያጋዘው ወዛደር ስም ግን የትም አይገኝም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ጫንቃ አንድ ጆንያ ቡና ካርቱም ባልደረሰ ነበር።

ፋሺስት ኢጣልያ ጣቢያውን ከያዘ በኋላ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የቤልጅየም ኮንጎ ጦር በውጊያ አስለቀቀው፤ ከዚያም ወደ ሳዮ ወጥቶ ሰኔ 26 ቀን የጄኔራል ጋዜራን ጦር እጅ በማስሰጠቱ ተካፈለ። የራሱ አገር በቅኝ ገዥ እጅ ሳለች ለሌላው ነፃነት በባሮ ዳር የወደቀው ኮንጓዊ ወታደር፣ ከተማዋ ብዙ ጊዜ የማትዘክረው ባለውለታዋ ነው።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በውሉ ቃል መሠረት አበቃ፤ መሬቱም እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ነገር ግን ቡናው ቀደም ብሎ በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ፊቱን ማዞር ጀምሮ ስለ ነበር፣ ወደቡ የተመለሰው ንግዱ እየራቀው ነው።

አሮጌ መጋዘን እንደ ጎንደር ድንጋይ ዘመን አይጠብቅም። የዚህን ዳርቻ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ የታሪክ ሰው ውሉንና የእንግሊዞቹን መዝገብ ብቻ ቢያገላብጥ ግማሹን ይስታል፤ ሌላው ግማሽ በአኙዋክና በኑዌር ሽማግሌዎች አፍ፣ በጎሬ መንገድ ጭነት ባወረዱ ሰዎች ልጆች ትዝታ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያስታውሱትም ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ናቸው።