ያሮጌ ጠመንጃ ዋጋ በምን ይቆማል?



እንደሚታወቀው ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው አገራችን አንድ አባወራ ሲሞት ወራሾቹን በብርቱ የሚያሟግተው መሬትና ጠመንጃ ነው። መሬቱስ ድንበር አለው፣ ይለካል። ጠመንጃው ግን፣ ይልቁንም ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጣመሩለት ያሮጌ ዘመን ያደን መሣሪያ ሲሆን፣ አንዱ ልጅ «የአያቴ ነውና ወርቅ ያወጣል» ይላል፤ ሌላው «ዝገት ነው፣ ለቀጥቃጭ ይሰጥ» ይላል። በለቅሶው ሜዳ ወጥቶ ሲያስለቅስ የዋለው ጠመንጃ፣ አርባው ሳይወጣ ደላላ ይጠይቅበታል። የሚጎዱት የሟች ባለቤትና ሕፃናቱ ናቸው። ስለሆነም የእንዲህ ያለ መሣሪያ ዋጋ በምን እንደሚቆም ከታሪክ ጀምሮ ማየት ይጠቅማል።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት ይኸንኑ ዓይነት ነበር፤ ባሩድና እርሳስ በአፉ የሚጎርስ። እንግሊዞቹ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰውን፣ እኛ ሰናድር ያልነውን ይዘው መጡ። የኛ ሰው ሁለቱን ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ናቸው። እንግዲህ እስከዚያች ቀን ድረስ የጌታ ንብረት የነበረው ጠመንጃ ባንድ ጀምበር አሮጌ ሆነ ማለት ነው። ብረቱ አልተለወጠም፤ ዘመኑ ግን አለፈው።

ዘመን ያለፈበትን መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ግን አልጠፋም። አርቱር ራምቦ የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ባለቅኔ፣ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ገባ። ቀደም ብሎ በ1878 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ሳይደብቅ ገልጾታል፦ እነዚህ ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከሠራዊት የተጣሉ ናቸው፤ በሊዬዥና በፈረንሳይ ካሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣሉ፤ ሸዋ ላይ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣሉ። ታዲያ እንዳሰበው አልሆነለትም። ንጉሥ ምኒልክ ከጨለንቆ ድል የተመለሱ፣ የተሻለ መሣሪያ የማረኩ ሰው ነበሩና ዋጋውን ዝቅ አደረጉት፤ የሞተውን የሽርካውንም ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቆረጡበት። ሻጭ ጮሌ ቢሆን ዕቃ የሚያውቅ ገዢ ገጠመው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ለኛ ቅርብ ነው። ከሐብሩ ወደ ደሴ ሲወርዱ ከመንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል ተፈረመ። ከውሉ በኋላ ራስ መኰንን ኢጣሊያ ደርሰው ሲመለሱ ለአገራችን 38 ሺህ ጠመንጃና 28 መድፍ ተገኘ። ይሁን እንጂ የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበርና መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። መሣሪያ ሲመጣም ሲሄድም ወረቀቱ ከብረቱ እኩል መታየት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ደግሞም አባቶቻችን ጠመንጃን ያለጥይቱ አይተምኑም ነበር። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ጨውና በርበሬ ይገዛ ነበር። ጥይቱ የማይገኝለት ጠመንጃ ዱላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንመለስ። ባለ ሁለት አፈሙዙን ለማየት አስቀድሞ ተከፍቶ ሁለቱም ጎሬው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ «አልጎረሰም» የተባለ ጠመንጃ ስንቱን ገድሏል። ተዘግቶ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ መጋጠሚያው አልቋል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አድርጎ ውስጡን ሲያዩት ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ ዋጋው ይወርዳል። አፈሙዙ ከሰደፉ ተለይቶ፣ ተንጠልጥሎ በእንጨት ቆርቆር ሲደረግ እንደ ደወል ከጮኸ ደኅና ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ሁለቱን ያያያዘው ብየዳ ለቋል። በላዩ እንደ እባብ ቆዳ ዥንጉርጉር መልክ ያለው አፈሙዝ የጥቁር ባሩድ ዘመን ሥራ ነው፤ የዛሬው ብርቱ ጥይት ሊያፈነዳው ይችላልና ዋጋው የግድግዳ ጌጥ ዋጋ እንጂ የተኩስ ዋጋ አይደለም። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደልና ኮከብ ቢገኝበት፣ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ደላላ ግን ይህችን ምልክት እያሳየ «ትልቅ ፋብሪካ የሠራው ነው» ቢል አትመኑት፤ የፈተና እንጂ የሠሪው ምልክት አይደለችምና።

ከሁሉ በላይ ወረቀቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍ ያስቀጣል። ስለዚህ ወራሽ ከደላላ በፊት ፖሊስ ዘንድ ይሂድ። ፈቃዱ ሳይጣራ በሌሊት የተሸጠ ጠመንጃ ነገ ሰው ቢገደልበት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ማሰብ ነው።

የቅሬ ሥራ ሬሳ ቀብሮ መበተን ብቻ አይደለም። የሟች ቤት ዕቃ በኀዘን ሰሞን እንዳይሸጥ፣ ሲሸጥም ሽማግሌ ባለበት፣ የሟች ባለቤት እየሰማች፣ ዋጋው በጽሑፍ ሰፍሮ እንዲሆን ማድረግ ከቀባሪ ወገን የሚጠበቅ ነው። አሮጌ ጠመንጃ ብዙ ላያወጣ ይችላል፤ ያወጣውን ያህል ግን ለልጆቹ ይድረስ።