ዜና በለስ፤ ከጣና እስከ መተማ

በ1894 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኀ ግንቦት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሐሪንግተን ጋር አዲስ አበባ ላይ ውል ተዋዋሉ። ውሉ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚለይ ነበረ። አጤ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባት መተማ በወሰኑ ጠርዝ ቀረች፤ ገላባትም ማዶ ሆነ። በ3ኛው አንቀጽ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ፣ በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። ውሉ የተጨነቀው ውኃው ሳይጓደል እንዲወርድ ነው። ያው ውኃ አንድ ቀን መብራት ሆኖ በመተማ በኩል እንደሚሻገር በዚያ ዘመን ማን አስቦት!

ከዚህም በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ጄ ጂ ዋይት የተባለ የኒው ዮርክ ኩባንያ የጣናን መውጫ አጠና። ግድቡ ግን ከወረቀት ሳይወርድ ጣሊያን መጣ።

በ1956 የጢስ ዐባይ ጣቢያ ተሠርቶ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ መብራት ሰጠ። አቅሙ ከ12 ሜጋ ዋት አይደርስም ነበር። በ1988 የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ቆመ፤ በ1993 ሁለተኛው የጢስ ዐባይ ጣቢያ በ73 ሜጋ ዋት ተጨመረ። መብራቱ በበረታ መጠን ፏፏቴው ሳሳ፤ ስሙን ያገኘበትን ጢስ ለማየት የሄደ እንግዳ ቋጥኝ አይቶ የሚመለስበት ወራት በዛ።

የጣና በለስ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ውኃው በዐባይ መንገድ አይሄድም፤ ከሐይቁ በምዕራብ ዳር፣ በቁንዝላ በኩል፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ውስጥ ለውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ይገባል። ከዚያም ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርውሮ 4 ተርባይኖችን ያዞርና በለስ ወንዝ ውስጥ ይፈስሳል፤ በለስም ቆላውን ዞሮ መልሶ ለዐባይ ያስረክበዋል። ሠሪው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነው። በግንቦት 2002፣ ያውም በዘመነ ማርቆስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መረቁት። 460 ሜጋ ዋቱ ዛሬ ከሕዳሴው ግድብ ጎን ሲያዩት መካከለኛ ነው፤ ያን ዕለት ግን በአገሩ ከነበሩት ጣቢያዎች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ወደ መተማ ነገር እንመለስ። ከበለስ የተነሣው ኃይል በ400 ሺህ ቮልት መስመር ባሕር ዳር ይደርሳል። ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ በስሙ አይጠራም፤ እዚያ ከተከዜውም ከግቤውም ጋር ይቀላቀላል። ከባሕር ዳር ሌላ የ230 ሺህ ቮልት መስመር ጎንደር ይወጣል፤ ከደጋው ወርዶ ሸኸዲን፣ የሰሊጡንና የጥጡን እርሻ አቋርጦ በመተማ በኩል ወሰኑን ያልፋል፤ ገዳሪፍም ይገባል። ከጣና ዳር እስከ መተማ ምድሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደርቡሽ ወደ ጎንደር የወጣበትን አቅጣጫ ሽቦው ቁልቁል ወረደበት ማለት ነው።

በኅዳር 2006፣ እንደገና በዘመነ ማርቆስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝና የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር ገዳሪፍ ላይ ተገናኝተው መስመሩን መረቁ። ለሱዳን የታሰበው ኃይል 100 ሜጋ ዋት ነበር። በዚያው ዕለት አል በሽር አገራቸው የሕዳሴውን ግድብ እንደምትደግፍ በአደባባይ ተናገሩ።