የፋርማሲ ቴክኒሺያን ሰርተፊኬትን በነፃ ትምህርት ማደስ

ከአገር ቤት የጤና ሙያ ተምሮ ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ በአብዛኛው ከሠለጠነበት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፡፡ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በድራጊስትነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፡፡ ቨርጂኒያ ስገባ ግን እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተፈትኜ የፋርማሲ ቴክኒሺያን ሆንኩ፡፡ ሥራው የሐኪም ማዘዣ መቀበል፣ መድኃኒት ቆጥሮ ማሸግ፣ ከኢንሹራንስ ጋር መነታረክ፣ እንደየቦታውም በፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር መድኃኒት መቀመም ነው፡፡

በዚህ ሙያ የተሰማራ ወዳጅ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ሳይሰሙ አልቀሩም፡፡ ሰርተፊኬቱ አንዴ ከተገኘ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፡፡ ለማደስ ደግሞ የ20 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል፡፡ እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እድሳቶች ለትምህርቱ ገንዘብ ከፈልኩ፡፡ በሦስተኛው ሁሉንም በነፃ ተማርኩ፤ ሆኖም ሰርተፊኬቴን ላጣው ጥቂት ቀን ነበር የቀረኝ፡፡ ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ሁለቱንም ጥፋቴን እንዳይደግም ነው፡፡

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ጌታ

በቅድሚያ መለየት ያለበት ነገር አለ፡፡ አንደኛው ወረቀት የስቴት ምዝገባ ነው፡፡ ይህን የሚሰጠው የየስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ ሲሆን፣ ደንቡም ከስቴት ስቴት ይለያያል፡፡ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ቴክኒሺያኖቿን በየዓመቱ የ5 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ትጠይቃለች፡፡ ሁለተኛው ብሔራዊ ሰርተፊኬት ነው፡፡ በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የፋርማሲ ቴክኒሺያኖች ሰርተፊኬሽን ቦርድ፣ በአጭሩ ፒቲሲቢ፣ የሚሰጠው ነው፡፡ ኤንኤችኤ የተባለው ድርጅትም ኤክስሲፒቲ በተሰኘው ፈተናው ተመሳሳይ ሰርተፊኬት ይሰጣል፡፡ ሁለቱም በየሁለት ዓመቱ 20 ሰዓት ይጠይቃሉ፡፡

አንዱን ማደስ ሌላውን ማደስ አይደለም፡፡ የተማሩት ሰዓት ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል፤ ማመልከቻው፣ ክፍያውና የማብቂያ ቀኑ ግን የየራሱ ነው፡፡ የስቴቱን አድሰው ብሔራዊውን የረሱ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፡፡

ሃያው ሰዓት ምን ምን ይዟል?

የፒቲሲቢን እንመልከት፡፡ ከ20ው ሰዓት ቢያንስ አንዱ ስለ ፋርማሲ ሕግ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ስለ ታካሚ ደህንነት መሆን አለበት፡፡ የተቀረው 18 ሰዓት ከቴክኒሺያን ሥራ ጋር የተያያዘ ትምህርት ነው፡፡ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሁለቱ ዓመት ውስጥ የተወሰደ ከሆነ ብቻ ነው፡፡ 25 ሰዓት የተማረ ሰው ትርፉን 5 ሰዓት ለሚቀጥለው ዙር ማስተላለፍ አይችልም፡፡ በአንድ ዙር አንድን ትምህርት ሁለት ጊዜ ማስቆጠርም አይቻልም፡፡

አንዳንድ አቅራቢዎች ‹‹ሰዓት›› ከማለት ይልቅ ‹‹ሲኢዩ›› በሚል መለኪያ ይጽፋሉ፡፡ አንድ ሰዓት 0.1 ሲኢዩ ነው፡፡ ስለዚህ 20 ሰዓት 2.0 ሲኢዩ ይሆናል ማለት ነው፡፡ መጀመሪያ ላይ 2.0 የሚለውን ሁለት ሰዓት መስሎኝ መደንገጤን አልደብቅም፡፡

ረጅሙን ቁጥር ማንበብ

በአሜሪካ የፋርማሲ ተከታታይ ትምህርት አቅራቢዎችን የሚመዝነውና ዕውቅና የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1932 የተቋቋመው የፋርማሲ ትምህርት ዕውቅና ምክር ቤት፣ በአጭሩ ኤሲፒኢ ነው፡፡ ዕውቅና ካለው አቅራቢ የሚገኝ እያንዳንዱ ትምህርት አንድ ረጅም መለያ ቁጥር አለው፡፡ ብዙዎቻችን አንመለከተውም እንጂ ማወቅ የሚያስፈልገን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል፡፡

ቁጥሩ በአቅራቢው መለያ ይጀምርና ዓመቱን ያስከትላል፡፡ ወደ መጨረሻው ላይ የትምህርቱ ዓይነት በፊደል ይቀመጣል፡፡ ‹‹ኤል›› በቀጥታ የሚሰጥ፣ ‹‹ኤች›› በቤት የሚጠና ማለት ነው፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለት አሃዝ የትምህርቱን ርዕስ ይነግረናል፡፡ 03 ሕግ፣ 04 ጠቅላላ ፋርማሲ፣ 05 የታካሚ ደህንነት፣ 06 ክትባት፣ 07 መድኃኒት ቅመማ ነው፡፡ በመጨረሻ የምትመጣው ፊደል ‹‹ፒ›› ከሆነች ትምህርቱ የተዘጋጀው ለፋርማሲስት፣ ‹‹ቲ›› ከሆነች ደግሞ ለቴክኒሺያን ነው፡፡

ቴክኒሺያን የሆነ ሰው ጥያቄ የማያስነሳበት ‹‹ቲ›› ያለው ነው፡፡ አንድ ትምህርት በሁለቱም ፊደል ሊቀርብ ስለሚችል፣ ሲመዘገቡ የቴክኒሺያኑን መምረጥ ያስፈልጋል፡፡ የሕግ ሰዓት ሟልቷል ብሎ የሚያምን ሰውም በቁጥሩ ውስጥ 03 መኖሩን ያረጋግጥ፡፡ ርዕሱ ላይ ‹‹ደንብ›› የሚል ቃል ስላለ ብቻ ትምህርቱ የሕግ አይሆንም፡፡

ነፃው ከየት ይገኛል? ማንስ ይከፍላል?

ለረጅም ጊዜ ከሚታወቁት የነፃ ትምህርት ምንጮች መካከል ፋርማሲ ታይምስ መጽሔት የተከታታይ ትምህርት ክፍልና ፓወርፓክ ይጠቀሳሉ፡፡ በስማቸው ውስጥ ‹‹ነፃ›› የሚል ቃል ይዘው ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾችም ስላሉ፣ የባንክ ካርድ ቁጥር ከመስጠት በፊት ደጋግሞ ማየት ይበጃል፡፡ አሠራሩ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው፡፡ አካውንት ይከፈታል፣ ትምህርቱ ይነበባል ወይም ይደመጣል፣ ፈተና ይወሰዳል፤ የማለፊያ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፡፡ በመጨረሻም የአስተያየት ቅጽ ይሞላል፡፡ ቅጹን ሳይሞሉ ገጹን ከዘጉት ትምህርቱ እንዳላለቀ ይቆጠራል፡፡

ነፃ ሲባል ታዲያ ማንም አልከፈለበትም ማለት አይደለም፡፡ የብዙዎቹ ወጪ የሚሸፈነው የመድኃኒት አምራቾች በሚሰጡት የትምህርት ድጋፍ ነው፡፡ የኤሲፒኢ ደንብ ገንዘብ የሰጠው ኩባንያ በይዘቱ ላይ እጁን እንዳያስገባና የድጋፉ ምንጭ ለተማሪው እንዲገለጽ ያስገድዳል፡፡ መግለጫው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስላለ ማንበብ ጥሩ ነው፡፡ እኔ እንዳስተዋልኩት ስለ አዳዲስ ውድ መድኃኒቶች የሚሰጠው ነፃ ትምህርት የተትረፈረፈ ነው፤ ስለ ሕግ የሚሰጠው ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው፡፡ ስለዚህ የሕጉንና የደህንነቱን ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ብልህነት ነው፡፡

ሐምሌ 1 እና 60 ቀን

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ፡፡ የተማርነው ሰዓት የሚሰፍርበት ሲፒኢ ሞኒተር የሚባል ማዕከላዊ መዝገብ አለ፡፡ መዝገቡን ኤሲፒኢ ከብሔራዊ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር ከኤንኤቢፒ ጋር ያካሂደዋል፡፡ ክፍያ ያለው ተጨማሪ አገልግሎት ቢኖርም መሠረታዊው ነፃ ነው፡፡ ተማሪው ከኤንኤቢፒ የግል መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ትምህርት በወሰደ ቁጥርም መለያ ቁጥሩንና የተወለደበትን ወርና ቀን ለአቅራቢው ይሰጣል፡፡ አቅራቢው ውጤቱን ወደ መዝገቡ ይልካል፡፡ ይህ መሆን ያለበት ትምህርቱ በተወሰደ በ60 ቀን ውስጥ ነው፡፡

እኔ የተወለድኩት ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ማለት ነው፡፡ አሜሪካኖች ወርን አስቀድመው 07/08 ብለው ይጽፋሉ፡፡ እኔ በአገሬ ልማድ ቀኑን አስቀድሜ 08/07 ብዬ አዲስ አካውንት ከፈትኩ፡፡ ለመዝገቡ የተወለድኩት ኦገስት 7 ሆነ፡፡ በዚያ አካውንት ዘጠኝ ትምህርት ተማርኩ፤ ዘጠኙንም አለፍኩ፤ አንዱም መዝገቡ ላይ አልሰፈረም፡፡

ይህን ያወቅሁት ሰርተፊኬቴ ሊያበቃ 11 ቀን ሲቀረው ነው፡፡ ሃያ ሰዓት አለኝ ብዬ መዝገቡን ብከፍት 11 ሰዓት ብቻ አገኘሁ፡፡ በምሠራበት መድኃኒት ቤት በሰዓት የሚከፈለኝ ገንዘብ ከሰርተፊኬቱ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ በዚያን ወቅት ደግሞ ባለቤቴ ወልዳ ቤት ነበረች፤ የሚገባው የእኔ ደመወዝ ብቻ ነበር፡፡ አብረውኝ ለሚሠሩት ትልቅ ኢትዮጵያዊ ፋርማሲስት አዋየኋቸው፡፡

‹‹ጋሼ፣ ተምሬያለሁ እኮ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ›› አልኳቸው፡፡

‹‹አንተማ ተምረሃል፤ መዝገቡ ግን አላየህም፡፡ እዚህ አገር ደግሞ የሚታመነው መዝገቡ ነው›› አሉኝ፡፡ ትንሽ አሰቡና ‹‹ለመሆኑ የተወለድክበትን ቀን እንዴት አድርገህ ነው የጻፍከው?›› ብለው ጠየቁኝ፡፡ እሳቸውም በጊዜያቸው በዚሁ ተሰናክለው ኖሯል፡፡

ቀኑን አስተካክዬ ለአቅራቢው ጻፍኩ፡፡ ከዘጠኙ ስድስቱ 60 ቀን ስላልሞላቸው እንደገና ተላኩና ተመዘገቡ፡፡ ሦስቱ ግን ጊዜያቸው አልፎ ነበር፤ የሕጉ ሰዓትም ከነሱ አንዱ ነበር፡፡ ልጄን በአንድ ክንዴ ታቅፌ በሁለት ሌሊት ሌላ ሦስት ትምህርት ወሰድኩ፡፡ ማመልከቻዬን ሳስገባ የቀረኝ አራት ቀን ነበር፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈትኩትን መዝገብ የከፈትኩት በመጨረሻው ሰዓት ነው፡፡

ቀኑ ቢያልፍስ? ፒቲሲቢ ሰርተፊኬቱ ካበቃ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ተጨማሪ ክፍያ አስከፍሎ የሚመልስበት አሠራር አለው፡፡ እስኪመለስ ግን ሰውየው ሰርተፊኬት ያለው ባለሙያ አይደለም፤ በስሙ አጠገብም ሲፒኤችቲ የሚለውን ማዕረግ መጻፍ አይችልም፡፡ ዓመቱ ካለፈ እንደገና መፈተን ይመጣል፡፡

ሰዓት ለመሙላት ወይስ ለመማር?

ነፃ ትምህርት ሲበዛ ሰው አጭርና ቀላሉን እየመረጠ ሰዓት ማጠራቀም ይቀናዋል፡፡ እኔም አድርጌዋለሁ፡፡ ያስተወኝ አንድ የደህንነት ትምህርት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 በኦሃዮ ስቴት ክሊቭላንድ ከተማ ኤሚሊ ጄሪ የተባለች የሁለት ዓመት ሕፃን ለካንሰር ሕክምናዋ የተዘጋጀላት የጨው መጠን ከ1 በመቶ በታች መሆን ሲገባው 23.4 በመቶ ሆኖ ተሰጣትና ሞተች፡፡ ያዘጋጀችው የፋርማሲ ቴክኒሺያን ነበረች፤ ፋርማሲስቱም ሳያስቆመው አለፈ፡፡ ስቴቱ በ2009 ‹‹የኤሚሊ ሕግ›› የተባለውንና ለቴክኒሺያኖች የብቃት መስፈርት ያስቀመጠውን ሕግ ያጸደቀው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

በሌላ የአንድ ሰዓት ትምህርት ደግሞ ስማቸው ስለሚመሳሰል መድኃኒቶች ተማርኩ፡፡ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክና ለጭንቀት፣ ሃይድራላዚን ለደም ግፊት የሚሰጡ ናቸው፡፡ በሳምንቱ መደርደሪያችን ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አየሁና ለፋርማሲስቱ ነግሬ አራራቅናቸው፡፡ ያ ሰዓት ምንም አልከፈልኩበትም፤ የማንን ሕይወት እንዳተረፈ ግን ላውቅ አልችልም፡፡

ለማጠቃለል ያህል

ሰርተፊኬቱን ለሚያድስ ሰው የምመክረው ይህን ነው፡፡ አንደኛ፣ የኤንኤቢፒ መለያ ቁጥር አውጥቶ ስምና የልደት ቀን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ፤ ወር ቀድሞ ቀን ይከተላል፡፡ ሁለተኛ፣ የሕግና የደህንነት ሰዓቶችን በመጀመሪያው ዓመት መጨረስ፡፡ ሦስተኛ፣ በወር አንድ ሰዓት መማር፤ በሁለት ዓመት 24 ይሆናል፤ አራቱ ለመጠባበቂያ ነው፡፡ አራተኛ፣ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን ከፍቶ ማየት፤ ያልሰፈረ ካለ 60 ቀኑ ሳያልፍ ለአቅራቢው መጻፍ፡፡ አምስተኛ፣ ቦርዱ አንዳንድ አመልካቾችን በዕጣ መርጦ ማስረጃ ስለሚጠይቅ የእያንዳንዱን ትምህርት ማስረጃ ማስቀመጥ፡፡ ስድስተኛ፣ ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም የእድሳቱ ማመልከቻ ክፍያ ስላለው ገንዘቡን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፡፡

በአገራችንም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ከጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ተያይዟል፡፡ አዲስ አበባ ካሉ የቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ስንጫወት ‹‹ሥልጠናው የት ይገኛል?›› የሚለው ጥያቄ ይበዛል፡፡ እኔ ደግሞ ‹‹የሠለጠናችሁትስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ወይ?›› እላቸዋለሁ፡፡ ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን መወለዴን አንስተው ይስቁብኛል፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡