ዋስና ዋሳ

እስቲ ጠጋ በሉ። በሀዲያና በከምባታ አገር ቆጮ ስሙ ዋሳ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ይገባል፤ ከርሞ ሲበስል ይወጣል፤ ተጨምቆ ምጣድ ላይ ይቀመጣል። ሆሳዕና ከተማ ላይ ሰው ሲታሰር ደግሞ ዋስ ይፈለጋል። ዋሱም እንደ ዋሳው ነው፤ በችኮላ አይገኝም።

ለጨዋታችን አንድ ባጃጅ ነጂ እንፍጠር። ስም አንሰጠውም፤ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ማታ ፍተሻ ላይ ከወንበሩ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካናቢስ ተገኘ። "የተሳፋሪ ነው" አለ እሱ። "ያንተ ነው" አለ ፖሊስ። ጫት ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! ካናቢስ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው።

በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀረበ። ፖሊስ "ምርመራዬ አላለቀም" ብሎ ቀጠሮ ጠየቀ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ሊሰጠው ይችላል። ምርመራው አልቆ ክስ ሲመጣ ነው እንግዲህ ዋናው ሙግት የተጀመረው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በደነገጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ነው። በ1954 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 63 ዋስትና ለመከልከል ሁለት ነገር ያነሳል፤ አንደኛው ቅጣቱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት መሆኑን፣ ሁለተኛው የተበደለው ሰው ሊሞት መቻሉን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፅ ለሚያዘዋውር ያስቀመጠው ቅጣት "ከአምስት ዓመት የማያንስ" ነው። ጣሪያውን አልጻፈም፤ የጽኑ እሥራት ጣሪያ ግን 25 ዓመት ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ጣሪያውን ያዘ፦ "25 ዓመት 15ን አያልፍም ወይ?"

ጠበቃው መነሻውን ያዘ፦ "አምስት ነው የሚለው! ደግሞስ ማን ሞተ?"

አንድ ፌስታል የያዘውም አንድ ጆንያ የጫነውም የሚቆሙት እዚችው የአንቀጽ 63 በር ላይ ነው። በሩን አልፎም አንቀጽ 67 ይጠብቃል፤ ይጠፋ ይሆን? ሌላ ወንጀል ይሠራ ይሆን? ምስክር ያባብል ይሆን?

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ልጅ ነገ ሞያሌ ቢገኝስ?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ችሎቱ ዝም አለ። እዚህ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ስንቱ ወጣት በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል! ልጁም ጆሃንስበርግ ወንድም አለው። ግን ወንድም ማዶ መኖሩ ብቻውን ሰውን ጠፊ ያደርገዋል? ዳኛው የሚመዝኑት የሰፈሩን ወሬ ሳይሆን የልጁን ጠባይ ነው።

ድሮ ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ ሁለቱ እየተጓተቱ ዳኛ ፊት ይደርሳሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ ወረቀት ሆኗል። ዳኛው የክሱን ክብደት፣ የልጁንና የዋሱን አቅም አይተው ዋስትናውን ፈቀዱ። አስተማሪ አጎቱ በደመወዙ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ልጁ ቢጠፋ ዕዳው የአጎት ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል?

ሰፈሩ ወዲያው "ከፍሎ ወጣ" አለ። ከክሱ አልወጣም፤ ክሱ እንዳለ ነው። ዋስ ቀጠሮ ያስከብራል እንጂ ነፃ አያደርግም።

ማታ እናቱ ለእስር ቤት ያዘጋጀችውን ዋሳ ቤት አቀረበችው። "ብላ እንጂ ወንድሜ" አለች። አጎት ግን ወደ ልጁ ዞረ።

"ቀጠሮህ መቼ ነው?"

"ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ አጎቴ።"

"ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ" አለው። ቀጥሎ እህቱን አያት፦ "የእኔን ድርሻ አስቀምጪልኝ፤ ሰኞ ከችሎት ስንመለስ አብረን እንበላለን።"