ባለቤቱ የረሳው ስም

በፈረንጆቹ 1999 የገና ዋዜማ ነው፤ ቢሮው ተዘግቷል፣ ሰውም ወደየቤቱ ገብቷል፤ ታዲያ በዚያ ቀን ብዙ የሆትሜይል ደንበኞች ኢሜይላቸውን ሊያዩ ቢሞክሩ መግባት አቃታቸው። በአሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ የሚኖር ማይክል ቼኒ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነገሩን ይከታተል ጀመር፤ ከዚያም ሄዶ ሄዶ ደረሰበት። ለካ ማይክሮሶፍት የሚያህል ኩባንያ ደንበኞቹ የሚገቡበትን ፓስፖርት ዶት ኮም የሚለውን የድረ ገጽ ስም ሳያሳድስ ቀኑ አልፎበታል፤ ክፍያው 35 ዶላር ነው። ቼኒም በገና ዕለት የራሱን ክሬዲት ካርድ አውጥቶ የሌላውን ዕዳ ከፈለ፤ በማግስቱም አገልግሎቱ ተመለሰ። ኩባንያው የ500 ዶላር ቼክ ቢልክለት፣ ቼኩን ለበጎ አድራጎት ብሎ በጨረታ ሸጠው።

ያን ቀን የደረሰለት ቅን ሰው ነበር። ዛሬ የተረሳ የዶት ኮም ስም መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስሙን ለባለቤቱ ያስመዘገበው ድርጅት፣ መዝጋቢው፣ እስከ 45 ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ያ ጊዜ ሳያልቅ ስሙን ለጨረታ ያቀርቡታል። ገዢ ካልተገኘና መዝጋቢው ከሰረዘው ባለቤቱ የሚቤዥበት 30 ቀን አለ፣ የመቤዣው ክፍያ ግን ጠንከር ይላል፤ ከዚያም 5 ቀን ይቆጠራል፣ በእነዚህ ቀናት ባለቤቱም ቢሆን ሊነካው አይችልም። ከዚያም ስሙ ይለቀቃል፤ የሚለቀቀውም እንደ አሜሪካ ወቅት በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው።

የሚጠብቁት ሰዎች ግን ቀድመው ተሰልፈዋል፤ የታመመ ዘመዱን ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ወራሽ ስሙን አስቀድመው ለቀላቢ ድርጅቶች አዘዋል። ድርጅቶቹም ስሙ ሊለቀቅ ሲል የዶት ኮምን መዝገብ የሚይዘውን ቬሪሳይንን በኮምፒውተር ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ነገሩ ያልቃል። እያንዳንዱ መዝጋቢ ከቬሪሳይን ጋር የሚፈቀድለት ግንኙነት የተወሰነ ስለሆነ፣ ድሮፕካች የሚባለው ድርጅት በመቶ የሚቆጠሩ የመዝጋቢነት ፈቃዶችን አወጣ፤ ለአንዱ ፈቃድ ብቻ በዓመት 4,000 ዶላር ይከፈላል። የተቀለበውን ስም ያዘዙት ብዙ ከሆኑም እርስ በርሳቸው ይጫረታሉ። በጨረታውም ቢሆን ተንኮል አልጠፋም፤ በፈረንጆቹ 2009 ስናፕኔምስ የሚባለው ሌላ ቀላቢ ድርጅት የገዛ ሠራተኛው ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም እየተጫረተ ዋጋ ያንር እንደነበር አመነ፣ ለተጎዱትም ልዩነቱን ከነወለዱ እመልሳለሁ አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የትንንሾቹ ነገር ነው። በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም እድሩ ወይም ደብሩ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያስመዘግበው ኮምፒውተር የሚችል አንድ ወጣት ነው፣ በራሱ ኢሜይል፤ ከዚያም ልጁ አገር ይቀይራል፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ስሙን አሳድሱ የሚለው ማስታወሻም ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ላይ ይከመራል። ስሙን የቀለበው ሰው ቁማር ሊያስተዋውቅበት ይችላል፤ ከዚያ የከፋው ግን ኢሜይሉ ነው፤ ለአሮጌው አድራሻ የሚላከው መልእክት ሁሉ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሳይቀር፣ አዲሱ ባለቤት መቀበል ከፈለገ ለእሱ ይደርሰዋል፣ ላኪዎቹም ከቀድሞ ወዳጃቸው ጋር የሚጻጻፉ ይመስላቸዋል።