በጫካ የተወለደችው የአንሪ ሚኜ አውሮፕላን

በሰማይ መብረር የባለጸጎችና የመንግሥታት ርስት ብቻ እንዳይሆን ከደከሙት መካከል ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ ልዩ ሥፍራ ይገባዋል። ይህ ሰው ከታላላቅ ፋብሪካዎች ርቆ፣ በፈረንሳይ በሷሶን ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ጫካ ከባለቤቱ ጋር በድንኳን እየኖረ፣ ከእንጨትና ከሸራ ያበጃትን፣ ጉልበቱ ከ17 ፈረስ ብዙም በማይበልጥ ሞተር የምትንቀሳቀሰውን ታናሽ አውሮፕላን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 አበረራት። ሁለቱ ክንፎቿ ፊትና ኋላ ተደርድረው ነበር፤ በእግር የሚረገጥ መሪ አልነበራትም፤ አፍንጫዋን ለማንሣትም ነጂው የፊተኛውን ክንፍ ራሱን ያዘነብለው ነበር። ሣጥን በምስማር መምታት የሚችል ሰው ሁሉ ይህችን ለመሥራት እንደማይሳነው በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ስላስተማረ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ አያሌ ወጣቶች መጋዝና መዶሻ አነሡ፤ እርሱም በ1935 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን የላ ማንሽን ወሽመጥ ተሻገረባት።

ነገር ግን ወደ ታች በምታዘቀዝቅበት ጊዜ የተቀራረቡት ክንፎች አንዱ የሌላውን ነፋስ እያወኩ ነጂው ሊያቀናት ስለማይቻለው፣ የብዙዎች ሕይወት በከንቱ ጠፋ። ምሥጢሩ የተገለጠው ሊቃውንት ነፋስ እየተነፋ አውሮፕላን በሚፈተንበት የነፋስ ዋሻ ከመረመሯት በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት ምርመራው ከመጽሐፉ መቅደም ነበረበት፤ የሰው ነፍስ ከፍላጎት ትበልጣለችና። ሚኜ ግን ንድፉን እያረመ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1965 ድረስ፣ ከዚህ ሥራ አልተለየም።